የቤቱ ምርጥ ክፍል

በሐይቅ ዳሯ መንደር በሳን ኦኖፍሬ ወለሉ ሴራሚክ የለበሰ፣ ግድግዳው ነጭ የዘይት ቀለም የተቀባ ክፍል ካየህ እዚያ ቤት ኩላሊቱን የታመመ ሰው አለ ማለት ነው እንጂ ሀብታም አለ ማለት አይደለም። ሐኪም ቤቱ እንዲህ ያለ ክፍል ሳታዘጋጅ ኩላሊትን የሚተካውን የሆድ እጥበት ቤትህ ወስደህ እንድትሠራ አይፈቅድልህም። ስለዚህ ጣሪያው በሚያፈስ፣ ወጥ ቤቱ በጭስ በጠቆረ ቤት መሃል አንድ ክፍል ብቻ እንደ ሙሽራ ነጥቶ ታገኘዋለህ። የኦብዱሊያም ቤት እንዲያ ነበር። ወንድሞቿ ጀልባቸውን አቁመው ሲሚንቶ አቦኩ፣ ጎረቤት ቀለም ቀባ፣ ልጇ ኒካንድሮ ደግሞ ጉልበቱ ጨርሶ ሳይከዳው ሴራሚኩን አንድ በአንድ ደረደረ። ግንበኛ ነበር፤ የሚታመምበትን ክፍል ራሱ ሠራ። ሲጨርስ ወገቡን ይዞ ቀና አለና፣ "እማ፣ እንዲህ ያለ ወለል ለሰው ስንቱን ሠራሁ። ለኛም እንድሠራ የግድ ኩላሊቴ መበላሸት ነበረበት?" ብሎ ሳቀ። ኦብዱሊያ አልሳቀችም።

የክፍሉ ሕግ ጥብቅ ነው። መስኮቱ አይከፈትም፣ ንፋስ አቧራ ያመጣል። ውሻ አይገባም፣ ዶሮ አይገባም፣ አበባ አይገባም። የሚገቡት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው፤ እነሱም በማስክ ተሸፍነው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ፈትገው። ንጹሑ የውሃ ከረጢት ከላይ መንጠቆው ላይ ይሰቀላል፣ ባዶው ከታች ወለሉ ላይ ይጋደማል። ከኒካንድሮ እምብርት ጎን አንዲት ቀጭን ቱቦ ወጥታለች። በእሷ በኩል፣ ሆዱ ውስጥ የቆየው ውሃ የደሙን ቆሻሻ ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከላይ ያለው በምትኩ ይገባል። በቀን አራት ጊዜ፣ በዓልም ይሁን ለቅሶ።

ይህን ሁሉ ለኦብዱሊያ ያስተማረቻት ሲስተር ኤልቪራ የምትባል ነርስ ናት። በቁጣዋ የታወቀች ሴት ናት፤ ሐኪሞቹም ይፈሯታል። "ስሚኝ እናቴ" አትልም፣ በአንቱታ ነው የምትቆጣው። "ይስሙኝ እናቴ" አለቻት የመጀመሪያ ቀን። "የሆዱ ዕቃ የተሸፈነበት ነገር እንደ ሐር ስስ ነው። ጀርም ከገባበት ይቆስላል፣ ሲድን ደግሞ ጠባሳ ይሆናል እንጂ ተመልሶ ሐር አይሆንም። የሚወርደውን ውሃ ሁልጊዜ ጽሑፍ ላይ አድርገው ይዩት። ፊደሉ ከታየዎት ደህና ነው። ፊደሉ ከጠፋብዎት ከረጢቱን ሳይደፉ ይዘውት ይምጡ። ያኑ ቀን! ነገ የሚባል ነገር የለም።"

ለዚሁ ሲል ኒካንድሮ ከታችኛው ከረጢት ኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ የስፖርት ጋዜጣ ገጽ በላስቲክ ለብጦ ለጠፈ። ቡድኑ ያሸነፈ ቀን የወጣ ነው። "ዋንጫው የኛ ነው!" ይላል በትልልቅ ፊደል። ኦብዱሊያ ስለ ኳስ የምታውቀው ነገር የለም፣ ነገር ግን ያንን ቃል ማለዳ ማለዳ በከረጢቱ ውስጥ አሾልቃ ሳታነብ ቁርስ አይወርድላትም ነበር።

እንዲህ እየኖሩ ተስፋ መጣ። ጓዳላጃራ ከተማ ልብስ ንጽህና መስጫ የምትሠራው የእህቱ የዘናይዳ ኩላሊት ከሱ ጋር ተስማማ። ሐኪሞቹ ቀን ቆረጡ፤ ከፋሲካ በኋላ ያለ ሐሙስ። ዘናይዳ ደውላ፣ "አንተ ሰነፍ፣ ልጅ ሆነን ብስክሌቴን ሰበርክብኝ፣ አሁን ደግሞ ኩላሊቴን ልትወስድ ነው። ይሄኛውን ብትሰብረው ግን አልምርህም" አለችው። ኦብዱሊያ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። ሐኪሙ ያስጠነቀቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። እስከዚያ ቀን ምንም ዓይነት ኢንፌክሽን እንዳይነካው። ከነካው ቀኑ ይሰረዛል፣ ወረፋው ወደ ኋላ ይሄዳል። በሳን ኦኖፍሬ ወረፋቸው ወደ ኋላ የሄደባቸው ወጣቶች መቃብር ከሐይቁ ፊት ለፊት ተደርድሯል። ለምን በዚህ መንደር ኩላሊት እንደሚበላሽ የሚያውቅ የለም። አንዱ ሐይቁን ይላል፣ አንዱ እርሻ ላይ የሚረጨውን መድኃኒት ይላል፣ አንዱ ትከሻውን ይነቀንቃል።

ከነዚያ ወጣቶች አንዱ የወይዘሮ ክሪስፒና ልጅ ሊቦሪዮ ነበር። ክሪስፒና የኒካንድሮ የክርስትና እናት ናት፣ ለኦብዱሊያ አበልጅ። የሐይቁን እመቤት በየቤቱ የምታዞረውም እሷ ናት።

የሐይቁ እመቤት ቁመቷ ከክንድ የማይበልጥ የእመቤታችን የእንጨት ምስል ናት፤ ፊቷ ከዕድሜ ብዛት ጠቁሯል። ዓመቱን ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረች ታድራለች። የምታድረው ደግሞ ከቤቱ ክፍሎች ሁሉ በሚሻለው ነው። ሳሎን ያለው ሳሎኑን፣ አንድ ክፍል ብቻ ያለው እሱኑ ለቆ ደጅ ይተኛል። አንድ ዓሣ አጥማጅ በዝናብ ምክንያት መተላለፊያው ላይ አሳደራት፤ ሰውየው አርጅቶ እስኪሞት ድረስ ስሙ "ኮሪደር" ሆኖ ቀረ፣ ልጆቹም እስከ ዛሬ "የኮሪደር ልጆች" ናቸው። ሳን ኦኖፍሬ ይቅር የምትለው ብዙ ነገር አለ፣ ይህን ግን አትልም።

ክሪስፒና ከፋሲካ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ መጥታ በሩን ሞላችው።

"አበልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ለምኜም ተጨቃጭቄም ተራሽን አስቀደምኩልሽ። ልጁ ቢላ ሥር ከመግባቱ በፊት እመቤታችን እናንተ ቤት ታድራለች።"

"እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ሳሎኑን አጥቤ..."

"ሳሎን? የቱን ነው ሳሎን የምትይው? ያንን ዶሮ የሚመላለስበትን?" ክሪስፒና በአገጯ ወደ ነጩ በር ጠቆመች። "ሥርዓቱን አንቺ አጥተሽው ነው?"

"እዚያ እኮ ሰው አይገባም። ሲስተር ኤልቪራ ብትሰማ ትሰቅለኛለች።"

"እመቤታችን ሰው ናት እንዴ?" አለች ክሪስፒና፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "የኔ ሊቦሪዮ ሲታመም ተራዬ አልደረሰም ነበር። ሳትጎበኘው ሞተ። ይሄን ልጅ ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ አበልጄ። እሱንም ሳትጎበኘው ብትቀር ለማን አቤት እላለሁ?"

ኦብዱሊያ ወደ ልጇ ዞረች። ኒካንድሮ ገመድ አልጋው ላይ እየተወዛወዘ ሁሉንም ሰምቷል።

"ተያት ትግባ፣ እማ። እሷስ ብትሆን፣ ዕድሜ ልኳን ጭቃ ቤት ስታድር ኖራ አንድ ቀን ሴራሚክ ቢያምራት ይፈረድባታል?"

"አፍህን ዝጋ፣ አንተ ከሃዲ!" ክሪስፒና በነጠላዋ ጫፍ ሾጥ አደረገችው፣ እየሳቀች። ኦብዱሊያም ሳቀች። እንዲህ በሳቅ ነው የገባችው።

እመቤታችን ዓርብ ገብታ እስከ እሑድ ሰነበተች። ኒካንድሮ እጥበቱን በእናቱ መኝታ ቤት አንሶላ ተጋርዶለት ሠራ። ነጩ ክፍል በሻማና በሰው ሞላ፤ ዓመታት ሙሉ ተዘግቶ የኖረው መስኮት ተከፈተ፣ ከሐይቁ የተቀዳ ውሃ በሞላ እንስራ ውስጥ ነጫጭ አበቦች ቆሙ። ውሃው ከሙቀቱ የተነሳ በእሑድ ጠዋት መሽተት ጀምሮ ነበር። ሴቶቹ ወለሉን በባዶ እግራቸው እየረገጡ፣ "እንዴት ይቀዘቅዛል! እንዴት ያምራል!" ይላሉ። ኦብዱሊያ ይህን ስትሰማ ደስ እንዳላት መደበቅ አይቻልም። ያ ክፍል የሕመም ክፍል ብቻ ሆኖ ኖሮ፣ ለአንድ ሰሞን የክብር ክፍል ሆነላት።

እሑድ እመቤታችን ልትወጣ ስትል የስንብቱ ሥርዓት ደረሰ። ቤተኛው ተሰልፎ ይቆማል፣ ይዛት የመጣችው ሴት ከእንስራው አንድ አበባ ትመዛለች፣ ውሃው ውስጥ ትነክረዋለች፣ የታመመ ካለ የታመመበትን ቦታ ትረጨዋለች። ክሪስፒና ልጁን ሸሚዝህን ግለጥ አለችው። ገለጠ። በአበባው አንዴ ረጨችው፣ ደገመችው፣ ሦስተኛውን ጊዜ ሊቦሪዮ ትዝ ብሏት እንደሆነ እንጃ፣ እያለቀሰች አበባውን እንዳለ ቱቦዋ በምትወጣበት ቦታ ላይ፣ ቦታውን በሸፈነው ነጭ ጨርቅ፣ በጎዙ ላይ አሳረፈችው። ጎዙ ረጠበ። ውሃው ቱቦዋን ተከትሎ ወደ ሱሪው ወረደ።

ኦብዱሊያ አየች። ሲስተር ኤልቪራ ስለ እርጥብ ጎዝ ምን እንዳለች ቃል በቃል ታስታውሳለች፤ ወዲያው ይነሳል፣ ቦታው ይጸዳል፣ በደረቅ ይተካል። ነገር ግን ቤቱ ሙሉ ሰው እየዘመረ ነው፣ የክሪስፒና ፊት በእንባ ታጥቧል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የእመቤታችንን ውሃ እንደ ቆሻሻ ከልጇ ሆድ ላይ ትጥረግ? አበልጇ ምን ትላለች? መንደሩ ምን ብሎ ይጠራታል? ሲወጡ እቀይረዋለሁ አለች። ሲወጡ ደግሞ የሚበላ ማቅረብ መጣ፤ ባቄላው፣ የተጠበሱት ትናንሽ ዓሦች፣ የበቆሎ ቂጣው ቶርቲያ። ጎዙ በሰውነቱ ሙቀት እዚያው ደረቀ።

በማግስቱ ክፍሉን በበረኪና አጠበችው። የሴራሚኩ መጋጠሚያ እስኪነጣ፣ እጇ እስኪላጥ ፈተገች። ጎዙን ግን ሲመሽ ብቻ ቀየረችው፣ ያንንም ረስቼው ነው ብላ ለራሷ ነገረችው። አልረሳችውም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ቱቦዋ በምትወጣበት ዙሪያ ቆዳው ቀላ። ጎዙ ላይ አረንጓዴ ነገር ታየ፤ ሽታው የሚያቅለሸልሽ፣ ጣፋጭ ነገር ያለበት። ኦብዱሊያ ቅባት ቀባችው፣ ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ አንድ ጠዋት ከረጢቱ ሞልቶ ወለሉ ላይ ሲጋደም ጎንበስ ብላ ለማንበብ ብትሞክር ዋንጫው የለም። ከፊደሉ አንድም አይታይም። ከረጢቱ ሩዝ የተቀቀለበት ውሃ መስሏል።

"ምነው ዝም አልሽ፣ እማ?"

"ምንም።"

"ውሃው ነው?" ኒካንድሮ ሆዱን ይዞ ጎንበስ አለ። "ጋዜጣዬን ማን ቀደደው?" አለ።

ኦብዱሊያ ከረጢቱን አንስታ ነጠላዋን ፈለገች። "ተነስ ልበስ። አጎትህ ፒክአፑን ያምጣ። ሲስተር ኤልቪራ ያኑ ቀን ነው ያለችው።"

ክንዷን ያዛት። "ቁጭ በይ። ሐሙስ እኮ ደርሷል፣ እማ። ይሄን ከረጢት ይዘን ከገባን ቀኑን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ሊቦሪዮን 'ትንሽ ኢንፌክሽን ናት፣ ስትድን ትመለሳለህ' ብለው ነው የመለሱት። ተመለሰ?"

"አልተመለሰም።"

"እና?"

"እና ከባሰብህስ?"

"የባሰው ይኸው አይደል የምኖረው! አንዴ ኩላሊቷ ከገባልኝ ቱቦዋም ትወጣለች፣ ጀርሙም አብሯት ይወጣል። እስከ ሐሙስ ነው። ሆድ ይፍጀው በይ፣ እማ። ስለ እመቤታችን ብለሽ።"

ስለ እመቤታችን ባይላት ኖሮ ምናልባት እምቢ ትል ነበር። ያን ስም ሲጠራ ግን የረጠበው ጎዝ ፊቷ ድቅን አለ። ሐኪም ቤት ብትሄድ 'ከየት መጣ?' ብለው መጠየቃቸው የት ይቀራል? ከረጢቱን ወስዳ ሽንት ቤት ደፋችው። ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ በዚያ ሁሉ ዓመት ልብ ብላው አታውቅም፣ የዚያን ቀን ግን እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማችው።

ብልሃቱን ያገኘው ኒካንድሮ ነው። ውሃው ሆዱ ውስጥ ብዙ ሲቆይ ይደፈርሳል፤ ገብቶ ወዲያው ከወጣ ግን ይጠራል፣ ሕመሙም ለጊዜው ይታገሳል። አከታትለው አጠቡ። በሦስተኛው ከረጢት ላይ "ዋንጫው የኛ ነው!" ጭጋግ ውስጥ እንደቆመ ሰው ብቅ አለ። እናትና ልጅ ተቃቀፉ፤ ውሃው የዳነ መሰላቸው። ቆይቶ የወጣው ግን እንደገና ሩዝ ነበር።

እንዲህ ሆነው ቀኖቹን ገፉ። ለትኩሳቱ ክኒን፣ ለሕመሙ ክኒን፣ ለዘናይዳ በስልክ "ደህና ነው፣ ተኝቷል"። ሆዱ እንደ ጣውላ ጠጠረ። የሚያስፈራት ግን ሆዱም ትኩሳቱም አልነበረም፤ መቀለድ መተዉ ነበር። ኒካንድሮ ከኩላሊቱ መበላሸት ጀምሮ ያልቀለደበት ቀን የለም፤ አሁን ግድግዳውን እያየ ይውላል። ክሪስፒና ሾርባ ይዛ መጣች።

"ፊቱ ምነው እንዲህ አመድ መሰለ?"

"ቀዶ ጥገናውን ፈርቶ ነው" አለች ኦብዱሊያ።

"እመቤታችን ጎብኝታው ምን ያስፈራዋል? ሆዱን በእጄ ባርኬዋለሁ!"

ኦብዱሊያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አበልጇን በጥፊ ማጮል አማራት። ሾርባውን ተቀብላ አመሰገነች።

ሐሙስ ማለዳ ወንድሟ በፒክአፕ ወሰዳቸው። በመንገዱ ላይ ጉብታ በመጣ ቁጥር ኒካንድሮ ከንፈሩን ይነክሳል፣ ኦብዱሊያ ወደ ውጭ ታያለች። መጀመሪያ የገቡት ሐኪም ቤቱ አጠገብ ወዳለችው የዘናይዳ የኪራይ ክፍል ነው። ዘናይዳ ከዋዜማው ሐኪም ቤት ገብታ ነበር። እዚያ፣ መንጠቆ ስለሌለ ከረጢቱን የመጋረጃው ብረት ላይ ሰቅለው፣ እያከታተሉ የመጨረሻውን አጠቡ። ግድግዳው ጥግ አንድ ብስክሌት ቆሟል፤ እጀታው ላይ ቀይ ጥብጣብ ታስሯል። ኒካንድሮ አየው። "ለኔ ነው፣ አይደል?" አለ። "ስድን እንድነዳው።" እናቱ ውሃውን ታያለች እንጂ ቀና አላለችም።

ሐኪም ቤት ሲስተር ኤልቪራ ራሷ ጠበቀቻቸው፣ ልሰናበተው ብላ። ሆዱ ውስጥ ያለውን አወረደች፣ ከረጢቱን ወደ መብራቱ አነሳች፣ ደረቷ ላይ ያለውን መታወቂያ ከኋላው አድርጋ በከረጢቱ ውስጥ አየች።

"ስሜ ይነበባል" አለች። ከዚያ ያቺ ቁጡ ሴት ኦብዱሊያን ትከሻዋን ያዘቻት። "በዚህ ሁሉ ዓመት የእርስዎን ያህል ንጹሕ እጅ አላየሁም፣ እናቴ። ለሌሎቹ ሳስተምር የርስዎን ስም ነው የምጠራው።"

ልጇ ማለፉን አለፈ፤ ከእንግዲህ የሚያስቆመው ማንም አልቀረም። የሁለቱ ልጆቿ አልጋዎች በመተላለፊያው ላይ ጎን ለጎን ተገፍተው መጡ። ዘናይዳ ጸጉሯን በአረንጓዴ ቆብ ሸፍናለች። "እማ፣ ለዚያች ለእመቤታችሁ አመስግኚልኝ" አለች። "አንተስ፣ ምነው ዝም? ፈራህ እንዴ፣ ጀግናው?" ኒካንድሮ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

አንድ ወጣት ሐኪም መርፌ ይዞ ቀረበ። ደግ ልጅ ነው፤ እናትየው እንዳትጨነቅ ብሎ ማስረዳት ጀመረ። "ይሄ አዲሱን ኩላሊት ሰውነቱ እንዳያባርረው ነው፣ እናቴ። የሰውነቱን መከላከያ ያስተኛልናል።"

"ያስተኛል?"

"አዎ፤ ዘበኞቹን እንደ ማስተኛት በሉት። ለዚህ ነው ኢንፌክሽን እንዳይኖር አጥብቀን የምንጠይቀው።"

መርፌው ክንዱ ላይ በተሰካው ቱቦ ውስጥ ሊገባ ሆነ። ኦብዱሊያ ሌባው ቤት ውስጥ እንዳለ ታውቃለች። በሩን የከፈተችለት እሷ ናት፤ አሁን ደግሞ ዘበኛው ሲተኛ ቆማ ታያለች።

"ደፍርሷል!" አለች። ጩኸቷ ለራሷም አስደነገጣት። "ውሃው ደፍርሷል! ካለፈው ሳምንት ጀምሮ። አጥበነው ነው፣ አታልለናችሁ ነው፣ እንዳትሰጡት!"

"ውሸቷን ነው!" ኒካንድሮ ከአልጋው ቀና ለማለት ሞከረ። "ፈርታ ነው፣ አትስሟት፣ ውሃውን አይታችሁት የለም?" ሲስተር ኤልቪራ መልስ ሳትሰጥ እጇን ሆዱ ላይ አኖረች፣ ቀስ ብላ ተጫነች፣ በድንገት ለቀቀች። የወጣው ጩኸት መተላለፊያውን ሞላው። ሲያልፍለት ኒካንድሮ እናቱን አያት። "አንዲት ሰዓት፣ እማ" አለ። "አንዲት ሰዓት ዝም ማለት አቃተሽ?"

ዘናይዳ አልጋዋ ላይ ተነስታ ተቀመጠች። አንዴ ወንድሟን፣ አንዴ እናቷን ታያለች። "እኔ ተቆርጬ ተኝቼ፣ ኩላሊቴ እዚያ መግል ውስጥ ሊገባ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "ሁለታችሁም ታውቁ ነበር።" ቆቡን አወለቀችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ሲስተር ኤልቪራ ማንንም አልተቆጣችም። ይህ ከቁጣዋ ይልቅ ከበደ።

ቱቦዋ በዚያው ዕለት ወጣች። ኒካንድሮ በሞትና በሕይወት መካከል ሰነበተ፣ ከዚያ ወደ ሕይወት አጋደለ። ሐኪሙ፣ ያን መድኃኒት ወስዶ ቢሆን ኖሮ ከዚያ ሳምንት አያልፍም ነበር አለ። ይህን ሲል ኒካንድሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር፤ ከዚያ መተላለፊያ ወዲህ ለእናቱ ቃል አልተነፈሰም። ሐኪሙ ቀጠለ። "ያገኘነው ጀርም ረግቶ የቆየ ውሃ የሚወድ ነው። ክፍሉ ውስጥ የአበባ ማስቀመጫ ነበር? የዓሣ ገንዳ?"

ኒካንድሮ ሳይዞር ጆሮውን እንዳቆመ ከትከሻው ታወቃት። አልነበረም ማለት ይቻል ነበር፤ ማን ያጣራል? የደፈረሰውን ውሃ አብረው ደብቀውታል፣ ያኛው ጥፋት የሁለት ሰው ነው፤ ይሄኛው ግን የእሷ የብቻዋ።

"እመቤታችን ክፍሉ ውስጥ ሰንብታ ነበር" አለች። "ስትወጣ በአበባው ውሃ ተረጨ። ጎዙ ሲረጥብ አየሁ። ሰው ያየኛል ብዬ፣ አበልጄን ፈርቼ፣ ሳልቀይረው ቀረሁ።"

ኒካንድሮ ዞረ። "ያን ጊዜ አይተሻል?"

"አይቻለሁ፣ ልጄ።"

"ቆመሽ?"

"ቆሜ።"

የሚሰድባት መስሏት ነበር፣ ቢሰድባት በወደደች። መልሶ ወደ ግድግዳው ዞረ።

የሆዱ ሽፋን ሲስተር ኤልቪራ እንዳለችው ጠባሳ ሆነ፤ አንጀቱ እርስ በርሱ ተጣብቋል፣ ቱቦ ዳግመኛ አይቀበልም። ኒካንድሮ አሁን ከተማ ነው፣ በእህቱ ክፍል፣ ከብስክሌቱ ጋር፤ ደሙን የሚያጥበው ማሽን ነው። ሌላ ቀን ይቆረጥለት እንደሆነ ሐኪሞቹ አያውቁም። ዘናይዳ ስለ ኩላሊቷ ስትጠየቅ "አስብበታለሁ" ትላለች። እናቷ ስትደውል ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት፤ "ተኝቷል" ትላታለች። ያ ቃል የራሷ የኦብዱሊያ ቃል ነበር።

ዝናብ ሲገባ ክሪስፒና መጣች። ከኋላዋ ሴቶቹ አበባ ታቅፈው ቆመዋል፣ መሃላቸው እመቤታችን ጃንጥላ ተይዞላታል።

"አበልጄ፣ ተነሽ። ተራ እንኳ አልጠበቅንም፣ ለልጁ ልንጸልይለት ነው ያመጣናት። ያው ክፍሉም አሁን ባዶ ነው።"

ሐኪሙ ያለውን ኦብዱሊያ ለመንደሩ አልተናገረችም። ለክሪስፒናም አልተናገረችም፤ አንድ ልጅ የቀበረች ሴት ሁለተኛውን እንዲህ ያደረገው እጅሽ ነው ተብሎ እንዴት ይነገራታል? እጁስ የእሷ ብቻ ነበር?

"ክፍሉ ሰው አለው" አለች።

"ማን?"

"ሰው አለው። ሳሎን ትደር።"

"ከዶሮዎቹ ጋር?" ከሴቶቹ አንዷ "ኮሪደር" ስትል በሹክሹክታ ተሰማ። ኦብዱሊያም ሰማች፤ እንዲጠሯት ተወቻቸው። ሳሎኑን ከፈተችላቸው፣ ሻማ ሰጠቻቸው፣ ከዚያ ብቻዋን ወደ ነጩ በር ሄደች።

ማስኳን አደረገች። እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ፈተገች፣ በፎጣ ሳትነካው እንዲደርቅ ወደ ላይ ያዘችው። መስኮቱ ዝግ ነው፣ ወለሉ በበረኪና ነጥቷል፣ መንጠቆው ባዶ ነው። ከሳሎኑ መዝሙር ተጀመረ። ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠችና በልማዷ ጎንበስ ብላ ወደ ግድግዳው ሥር አየች። ከፊቱ ከረጢት ስላልነበረ "ዋንጫው የኛ ነው!" የሚለው ጽሑፍ ጥርት ብሎ ይነበብ ነበር።